አያ ብላ ያልሳቀችው መምህርት

ልጄን ከአራተኛ ክፍል አስወጡብኝ። የሰረቀችው የለም፣ የተሳደበችው የለም፣ ፈተናም አልወደቀችም። በክፍሏ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ካርቶን «የጅብን መንጋ የምትመራው ሴት ናት» ብላ ስለጻፈች ነው። ከካርቶኑ ጎን የእናቷ ሥዕል ነበረ። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት። እኔ ብረት ቀጥቃጭ ነኝ። እንደኔ ያለውን ሰው ምን እንደሚሉት የማያውቅ ጎጃሜ የለም፤ ለማያውቀው ግን ልንገረው፦ ቡዳ ይሉናል። ቀን ሰው ናቸው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ ይሉናል። በሠራሁት ማጭድ ያጨዱትን እህል ይበላሉ፤ ከኔ ጋር ግን ከአንድ ገበታ አይቆርሱም።

የምጽፈው ስለ ልጄ ብቻ አይደለም። ካርቶኑን ስላስጻፈቻት መምህርት ነው። መምህርት ጥሩወርቅ ትባል ነበር። ነበር ያልኩት ስለሞተች ነው። ነሐሴ ውስጥ፣ በፍልሰታ፣ ከቡሬ ስልክ ተደወለልኝ። የደወለችው ቤት ያከራየቻት ሴትዮ ነበረች።

«ደሴ የሚባሉት እርስዎ ነዎት? ስልኳ ላይ ‹አያ ደሴ› ብላ ስለመዘገበችዎ ነው።»

«ነኝ» አልኩ።

«እንግዲህ እግዜር ያጽናዎ» አለችና ነገሩን ነግራኝ ዘጋችው።

ወናፉን እያናፋሁ ነበር። ማናፋቴን አላቆምኩም። ብረቱ ግሏል፤ የጋለ ብረት ሰው ሞተ ብሎ አይጠብቅም።

«አያ» የሚለውን ቃል ላስረዳ። በእኛ ዘንድ ታላቅ ወንድም፣ ትልቅ ሰው «አያ» ይባላል። አያ ይርጋ፣ አያ ሙላቱ፤ ክብር ነው። ጅብም አያ ይባላል፤ አያ ጅቦ። እኔን ታዲያ ልጆቹ የፍኖተ ሰላም ገበያ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አያ…» ይሉና ይቆማሉ። ስሜን አይጨርሱትም። ከዚያ ይሳሳቃሉ። ትልልቆቹ «ተው እናንተ!» ይሉና እነሱም ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ዕድሜዬን ሙሉ በ«አያ» እና በ«ደሴ» መካከል ያለችውን ክፍተት ስጠብቅ ኖርኩ።

መምህርት ጥሩወርቅ መጀመሪያ የመጣችው የትምህርት ቤቱ ደወል ማንጠልጠያ ተሰብሮ ነው። ደወሉ የመኪና ቸርኬ ነው፤ በድንጋይ ይመቱታል። ሌሎቹ መምህራን ልጅ ነበር የሚልኩት፤ ልጁም ብረቱን ከአጥሬ ውጭ ጥሎ ይሮጣል። እሷ ግን ራሷ ተሸክማ መጣች። አጭር ናት። የወንድ ካፖርት ለብሳለች፤ ሹሩባዋ ውስጥ ቁራጭ ጠመኔ ሰክታለች።

«አያ ደሴ፣ እንደምን ዋሉ?» አለችኝ።

በአንድ ትንፋሽ አለችው። መካከሉ ላይ አልቆመችም። ይባስ ብላ አንቱ አለችኝ። ሌላ ደሴ የቆመ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ።

ባለቤቴ አንጓች ጭቃ በጭቃ ሆና ከጓሮ ወጣች። መምህርቷ እጇን ስትዘረጋላት አንጓች ክንዷን ሰጠቻት፤ እጄ ቆሽሿል ማለቷ ነው። መምህርቷ ክንዷን ትታ መዳፏን ጨበጠች።

«እጅሽ ይቀዘቅዛል» አለቻት።

«አፈር ሳቦካ ውዬ ነው፣ እመቤቴ።»

«እመቤት ደግሞ ማን ናት? ጥሩወርቅ በይኝ።»

እኔም አንቱ ስላት ተቆጣች። «እኔ ታናሽዎ ነኝ። አንች ይበሉኝ» አለች። ስለዚህ እዚህም እሷ እያልኩ ነው የምጽፈው። የናቅኋት እንዳይመስላችሁ።

ጻድቅ ነበረች አልልም። መዶሻዬን «ለዛሬ ብቻ» ብላ ወስዳ አልመለሰችም። ሰው ሲናገር አታስጨርስም። ስትዘምር ጆሮ ታሳምማለች። ከሁሉ የባሰው ጥፋቷ ግን፣ ነገር ጥርት ተደርጎ ከተነገረ ሰው ጥርት አድርጎ ይሰማዋል ብላ ማመኗ ነበር። ደምበጫ ተወልዳ፣ ቅኔ በሚወድ ሕዝብ መካከል አድጋ፣ ይህን አለማወቋ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የእኛ ሰው የተጻፈውን አያነብም። ከሥሩ ያለውን ነው የሚፈልገው። ከሥሩ ምንም ባይኖር ራሱ ያስቀምጥበታል።

አንዲት ጥያቄ ነበረቻት። ሰው ምንም ይንገራት፣ ጠመኔዋን ከሹሩባዋ መዝዛ ትቀስርበትና «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ትላለች። እገሌ ጠላውን ውሃ አበዛበት ይሏታል፤ «ቀምሰሃል ወይስ ሰምተሃል?» ልጆቹ ተማሩባት። ኳስ ሜዳ ላይ እንኳ ሲጣሉ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ይባባሉ ጀመር።

እሑድ እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ጎልማሶችን ፊደል ታስቆጥር ነበር። እኔንም ና አለችኝ።

«መጥቼ የት ልቀመጥ?» አልኳት።

«ወንበር ላይ።»

ሄድኩ። ፊት አስቀመጠችኝ። እዚያ አግዳሚ ላይ የነበረው ሰውዬ ተነስቶ ወደ ኋላ ሄደ። ከኋላ አንዱ «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲል ሌላው ተቀበለው፦ «ይሄስ በሚያውቁት አገር ነው ያስነጠፈው!» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ በኔ ላይ ባይሆን እኔም እስቅ ነበር። መምህርት ጥሩወርቅ የራሷን ወንበር ጎተተችና አጠገቤ ተቀመጠች። ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ትነሳለች፣ ጽፋ ተመልሳ አጠገቤ ትቀመጣለች። በዚያ ቀን ክፍሉ ግማሽ በግማሽ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ፊት እኔና እሷ፣ ከኋላ ሕዝቡ እንደ ጎመን ዘር ተጠጋግቶ።

ጠመኔ የለኝም ስላት «ከሰል ያለው ሰው ጠመኔ አያጣም» አለችኝ። ቤቴ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በከሰል ጻፍኩ። መጀመሪያ ያስጻፈችኝ ስሜን ነው።

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው፣ አያ ደሴ።»

«ሁለት ፊደል?»

«ሁለት።»

«እኔን የሚያህል ሰውዬ ሁለት ፊደል ነኝ?»

ከት ብላ ሳቀች። «የኔ አምስት ነው። እርስዎ ይቀልልዎታል።»

አልቀለለኝም። ግን ጨረስኩት። ጺም ሸብቶ ፊደል መቁጠር ምን እንደሚመስል ለሚጠይቀኝ፣ የራስን ቤት በመስኮት እንደ ማየት ነው እለዋለሁ።

ከዚያ ፕሮጀክቱ መጣ። በእኛ ሀገር ፕሮጀክት ማለት የመስኖ ቦይ ነው፤ በመኪና ይመጣል፣ ሳያልቅ ይሄዳል። ልጄ ይታይሽ ከትምህርት ቤት ገብታ «ፕሮጀክት ተሰጠን» ስትለኝ «የት ሊቆፍሩ ነው?» አልኳት።

«ቁፋሮ አይደለም አባዬ። እኛ ነን የምንሠራው። አንዱ ስለ ጎበዝ ሴት ነው፣ አንዱ ስለ ዱር አውሬ።»

«ሁለቱን ምን አገናኛቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ቲቸር ናት ያለችው።»

እሷን ጠየቅኋት። «ልጆቹ ሴት ጎበዝ ስትባል ሰምተው አያውቁም» አለችኝ። «አውሬም ሲባረር እንጂ ሲጠና አላዩም። ሁለቱንም በዓይናቸው አይተው ይምጡልኝ።»

ሴቲቱን እያንዳንዱ ልጅ እንዲመርጥ ተደረገ። አውሬውን ግን ሁሉም አንበሳ እንዳይል በዕጣ አወጡ። ይታይሽ ዕጣው የተጨመረበት ባርኔጣ ውስጥ እጇን አስገብታ ያወጣችው ወረቀት ላይ «ጅብ» ይላል። ክፍሉ ጮኸ። አንዱ ልጅ «ዕጣውም ያውቃታል!» አለ። መምህርቷ «ልቀይርልሽ?» ስትላት፣ ልጄ «ዕጣዬ እኮ ነው፤ ለምን ይቀየራል?» አለች። መምህርት ጥሩወርቅ ይህን ስትነግረኝ በኩራት ነበር።

«መቀየር ነበረብሽ» አልኳት።

«ለምን? ጅብ አውሬ አይደለም?»

«አውሬ ነው። ለእኛ ሲሆን ግን…»

«እርስዎ ጅብ ሆነው ያውቃሉ?»

«ኧረ ወዲያ!»

«እንግዲያ ስለ ምን እናፍራለን?»

ዘጋችኝ። እንዲህ ነበረች፤ ከእሷ ጋር ተከራክሮ የረታ የለም። የረታት ክርክር ያልሆነው ነገር ነው።

ይታይሽ ለሴቲቱ እናቷን መረጠች። አንጓች ደነገጠች።

«ሌላ ሴት አጣሽ? ሐኪም አለች፣ ሯጭ አለች።»

«የምታውቋትን ሴት ነው ያለችን። እኔ የማውቅ አንችን ነው።»

«እኔ ምን ጉብዝና አለኝ፣ ልጄዋ?»

«ገንቦ ሳይሰነጠቅ ከእሳት ታወጫለሽ።»

«የሚሰነጠቅም አለ።»

«እሱንም እጽፈዋለሁ።»

ለጅቡ ደግሞ «ጅብ ስንት ጣት አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። በጅብ ስሰደብ ያረጀሁ ሰውዬ አላውቅም። ማለዳ ወንዝ ዳር ወረድን። ጭቃው ላይ ዱካ ነበር። ጎንበስ ብለን ቆጠርን፤ አራት ነው፤ ጥፍሩም ይታያል። ይታይሽ በእንጨት ዙሪያውን እየከበበች ካርቶን ላይ ሣለችው። ከማዶ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ነበሩ። እንዴት አደራችሁ አልናቸው፤ እግዜር ይመስገን አሉን።

የቀረውን መምህርቷ ከሰጠቻት መጽሐፍ አገኘችው። አንድ ቀን ገና ፀሐይ ሳትገባ፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ስታነብ ብድግ አለች። «አባዬ! የጅብን መንጋ የምትመራው ሴቷ ናት ይላል! ወንዱ የሚበላው እሷ ከበላች በኋላ ነው!»

አንጓች ከሸክላዋ ቀና ሳትል «ከእኛ ቤት ተምሮ ይሆናል» አለች። በጣም ሳቅን። ሦስታችን አብረን እንደዚያ የሳቅነው የመጨረሻው ነው።

ታኅሣሥ ላይ ወላጅ ተጠራ። መምህርቷ የእያንዳንዱን ልጅ ሁለት ካርቶን ጎን ለጎን ለጥፋለች፤ የማን ሥራ እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ ሙላቱ ነው፤ ልጁ ፈረደ የሣላት ንግሥተ ሳባን ነበር፤ ዕጣው ደግሞ ዝንጀሮ ወጥቶለታል። ንግሥተ ሳባ ከዝንጀሮ ጎን ተለጥፋ ማንም አልተቆጣም። አንዲት ነርስ ከከርከሮ ጎን ነበረች። እሷንም ማንም አላያት።

የልጄ ካርቶን ፊት ቆሜ በራሴ ዓይን፣ በራሴ አፍ አነበብኩ። አንደኛው «እናቴ አንጓች ሸክላ ትሠራለች። እሳት አትፈራም። አንዳንዱ ይሰነጠቅባታል» ይላል። ሁለተኛው «የጅብን መንጋ የምትመራው ሴት ናት። ጅብ አራት ጣት አለው» ይላል። በመካከላቸው ክንድ የሚያስገባ ግድግዳ ነበረ።

አያ ሙላቱ መጣና ማንበብ ለማይችሉት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። «እናቴ አንጓች ሸክላ ትሠራለች፤ እሳት አትፈራም፤ የጅብን መንጋ የምትመራው ሴት ናት!» በአንድ ትንፋሽ። በኔ ስም መካከል ሁልጊዜ የሚቆሙ ሰዎች፣ መቆም በነበረባቸው ቦታ አልቆሙም።

አንዲት ሴት ከኋላ «ልጅ አይዋሽም» አለች፤ ቀስ ብላ። ሌላዋ አማተበች።

መምህርት ጥሩወርቅ እየሳቀች «አያ ሙላቱ፣ ሁለት ካርቶን እኮ ነው ያገናኙት!» አለችው።

«እኔ የተጻፈውን ነው ያነበብኩ፣ መምህርት» አላት።

በዚያው ሰሞን ፈረደ ታመመ። ይተኩሰዋል፣ ይቃዣል። እኛ ጋ ልጅ እንዲህ ሲታመም ቡዳ በላው ይባላል፤ የበላው ሰው ልብስ ወይም ጠጉር ተቆርጦ ይታጠናል። በጭሱ ውስጥ ታማሚው «ማን ነህ?» እየተባለ ይጠየቃል። በታማሚው አፍ የበላው ሰው ይናገራል፤ ከተናገረ ይለቀዋል ይባላል። የፈረደ አክስት በእረፍት ሰዓት ግቢ ገብታ የይታይሽን ዩኒፎርም ጫፍ በምላጭ ቆረጠች። ልጄ ቀሚሷ አንድ ጎን አጥሮ ገባች። «የትኛው ሚስማር ያዘሽ?» አልኳት። አንጓች ግን አይታ አወቀች። እሷ ልጅ ሆና ተደርጎባታል።

ለመምህርቷ የነገራት ማን እንደሆነ አላውቅም። በመንገዳችን እየሮጠች ስታልፍ አየኋትና ተከተልኳት። እነ ሙላቱ ቤት ገባች። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ፤ የት ድረስ እንደምገባ አውቃለሁ። በሩ ክፍት ነበር፤ ጭሱ ይወጣል፤ ሁሉም ይሰማል።

«የተማሪዬን ልብስ ቆርጣችኋል» አለች።

«ልጄ እየሞተ ነው!» አለ ሙላቱ።

«ስለሚሞት ነው ጤና ጣቢያ ውሰዱት የምላችሁ።»

«መጀመሪያ ይልቀቀው።»

«ማን ነው የሚለቀው? ማን ያዘው?»

«አንች ታውቂያታለሽ። አንችው ነሽ ፊት ወንበር ያስቀመጥሻቸው።»

ጨርቅ ሲቀደድ ሰማሁ። የነጠላዋን ጥለት ነው የቀደደችው። «እንግዲያ የኔም ይጨመርበት» አለች። «የኔም ጨርቅ ይጨስ። ከዚያ ልዩነቱን ንገሩኝ።»

ምን ልታሳይ እንደፈለገች ይገባኛል። ጨርቅ ጨርቅ መሆኑን ነው። ወደ እሳቱ ጣሉት። አንዲት አሮጊት መጠየቅ ጀመረች። «ማን ነህ? ተናገር! ማን ነህ?»

ልጁ ሳለ። ከዚያ «ቲቸር» አለ።

አሮጊቷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ማን በላህ?»

«ቲቸር! ቲቸር!»

ክፍል ውስጥ እጁን ሲያወጣ እንደሚለው ነው ያለው። መልሱን ያወቀ ልጅ እኔን እኔን ሲል እንደሚጮኸው። ትኩሳቱ ትምህርት ቤት ወስዶት ነበር። እሷም «አቤት፣ የኔ ልጅ» አለችው።

አስተማሪ ናት። ቲቸር ሲሏት አቤት ማለት እንጂ ሌላ ምን ታውቃለች?

«ሰማችሁ!» አለች አክስቲቱ። «ሲጠራት መለሰች!»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጁን በግድ ጤና ጣቢያ አስወሰደችው። ወባ ነው ተባለ፤ መድኃኒት ሰጡት። ብዙም ሳይቆይ ኳስ ሲጫወት አየሁት። መድኃኒቱ አዳነው ያለ ሰው ግን የለም። ስሟን ሲጠራ ለቀቀችው ነው የተባለው። ገበሬው ማረሻ ሊያስሞርድ እኔ ጋ መጥቶ ይህንኑ ለኔ ይነግረኛል፤ እኔ የምደሰት መስሎት! «እናንተማ ልማዳችሁ ነው፤ እሷ ግን የተማረች ሆና…» ይለኛል። «ከእናንተ ቤት ስትውል ተጋባባት» ይለኛል።

ጥር ላይ በልጄ ጉዳይ በትምህርት ቤቱ ግቢ ስብሰባ ተጠራ። መምህርት ጥሩወርቅ ጠመኔዋን መዘዘችና ቆመች። «ይህቺ ልጅ ሰው በላች የምትሉ፣ አይታችኋል ወይስ ሰምታችኋል? ያየ ካለ ይነሳ።»

ማንም እንደማይነሳ እርግጠኛ ነበረች። እኔም ነበርኩ። ወይዘሮ የሻረግ ተነሳች። ያን ማለዳ ከወንዙ ማዶ ውሃ ስትቀዳ የነበረችው ናት።

«እኔ አይቻለሁ» አለች። «ይሄ ሰውዬና ልጁ ገና ጤዛው ሳይረግፍ፣ ከጅብ ዱካ ላይ ጎንበስ ብለው፣ የራሳቸውን ዱካ በእንጨት ሲያጠፉ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እንዴት አደራችሁም ብለውኛል።»

ውሸት አልተናገረችም። ክፉ ሴትም አይደለችም። ያየችውን ነው የተናገረች። መምህርት ጥሩወርቅ ወደኔ ዞረች፤ ከዚያ ወደ የሻረግ፤ ከዚያ ጠመኔውን ሹሩባዋ ውስጥ መለሰችው።

ተፈረደ። ደሴ በሽማግሌ ፊት፣ በሚካኤል ስም «የኔን፣ የሚስቴንና የልጄን ዓይን ከሰው ልጅ ላይ አንስቻለሁ» ብሎ እስኪምል ይታይሽ ክፍል አትገባም። ለመምህርቷም ሰው ልጁን መላክ አቆመ፤ ያከራያት ሰው ቤቴን ለወፍጮ እፈልገዋለሁ አላት። ወፍጮ እስከ ዛሬ አልተከለም። መምህርቷ ቡሬ ተዛወረች።

ግንቦት ላይ ቁርጥራጭ ብረት ልገዛ ቡሬ ወርጄ ጠየቅኋት። ከእህል መጋዘኖች ጀርባ፣ የነቀምቴ ከባድ መኪኖች ሲያልፉ ግድግዳው የሚንቀጠቀጥ አንዲት ክፍል ነው ቤቷ። ከስታለች። «ኩላሊት ነው ይላሉ» አለችኝ፤ የሌላ ሰው ኩላሊት ይመስል። የልጄን ካርቶኖች ነቅላ ይዛ ሄዳ ኖሯል። እናቲቱ በዚህኛው ግድግዳ፣ ጅቡ በዚያኛው ግድግዳ።

«አሁን አራርቄ ለጠፍኳቸው» አለችኝና ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ።

ልምል እንደፈለግሁ ነገርኳት። ልጅቱ ሸክላ ስታቦካ እየዋለች ነው፤ ቃል ብቻ እኮ ነው የሚጠይቁኝ፤ ብዬ።

«ቃል ብቻ!» አለች። «አያ ደሴ፣ ግሱን ይስሙት እንጂ። አንስቻለሁ። ያልጣለ ሰው ምን ያነሳል? እርስዎ የሚምሉት ለእነሱ ይመስልዎታል፤ የምትሰማው ልጅቱ ናት።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አይማሉ። መስከረም ላይ ወደኔ ያምጧት። እኔ ጋ ትኖራለች። እዚህ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከተማ ለዚህ ይበጃል።»

አልማልኩም። ይታይሽ ክረምቱን ሙሉ «መስከረም ስንት ቀረው?» ስትል ከረመች። የዩኒፎርሟን ነገር ረሳችው፤ የቡሬ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ቀለሙ ምን ይሆን ትላለች።

ከዚያ ያ ስልክ ተደወለ። አስከሬኗን ደምበጫ ወሰዷት። መንገዱ በዚያ ሳምንት በጸጥታው ችግር ተዘግቶ ስለነበር ቀብሯ ላይ አልደረስኩም።

ለልጄ እንዴት እንደምነግራት ስላላወቅሁ እንዲሁ ነገርኳት። «ቲቸር ሞታለች።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያ እርግጥ አይደለም» አለችና ጭቃዋን ማቡካት ቀጠለች። እርግጥ መሆኑን ያመነችው መስከረም ሲያልፍ ነው።

ሌላ በር ፈለግሁ። ፍኖተ ሰላም ሄጄ ዘመድ ያልሆነ ዘመድ ለመንኩ፤ ልጅቱን የሚያሳድር ቤት አጣሁ። ሰው ልጁን ራሱን ከቤት በማያወጣበት ዘመን የቀጥቃጭ ልጅ ማን ያስጠጋል? አንጓች አንድ ማለዳ «ማልላቸው» አለችኝ። «የኔ ስም ከጠፋ ቆይቷል። ከአፈር በላይ ምን ያደርጉኛል? ልጅቱ ግን ፊደሉን እየረሳች ነው።»

ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። አያ ይርጋ ጭራውን እየነሰነሰ «እርቅ ደም ያደርቃል» አለ። ምን ደም እንደፈሰሰ አልጠየቅሁም። አያ ሙላቱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። በልቡ ያምነው እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አንዴ ጮክ ብሎ ያነበበውን ሰው መልሶ አያነብም። ቁም አሉኝ፤ ቆምኩ። በል አሉኝ፤ አልኩ። ቃሉን ሳልዘል፣ በአንድ ትንፋሽ። ሰኞ ትግባ አሉ፤ ለብቻዋ አንድ ወንበር ይሰጣታል አሉ። ተመስገን ተባለ።

ቤት ስገባ ይታይሽ የተቆረጠውን ዩኒፎርም ይዛ በሌላ ጨርቅ ጫፉን ስትጠግን አገኘኋት።

«ሰኞ ትገቢያለሽ» አልኳት።

«ምን ብለህ ማልክላቸው?»

ነገርኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«አባዬ፣ እንግዲያ ፈረደን በልቼዋለሁ?»

«አልበላሽውም።»

«ታዲያ ለምን አነሳን አልክ?»

«እንድትማሪ ነው፣ ልጄ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ እሽ እንደማለት። ክሩን በምራቋ አሹላ በመርፌው ቀዳዳ አስገባች። ከዚያ ለኔም ሳይሆን፣ ለመርፌው የምትነግር ይመስል፣ «ሳላውቅ ይሆናል የበላሁት» አለች።

ጉዳዩ በእርቅ አለቀ የተባለው ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ የሚካኤል ዕለት ነው።